«ጫፉ ዜሮ ከነካ ይበቃል» ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን በአዲስ አበባ ቪዲዮ አቀናባሪዎችና ፖድካስት አዘጋጆች መካከል አንድ ጽሑፍ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ጉዳዩ፣ ያለቀለት ቪዲዮ ወይም ፖድካስት ኤክስፖርት ሲደረግ የድምፁ መጠን ምን ያህል ይሁን የሚል ነው። ጸሐፊው በቁጥር መጨነቅ አያስፈልግም ይላሉ። ምክንያቶቻቸውን ላሳጥራቸው፦ የድምፁ ጫፍ ዜሮ ዴሲቤል (ዲጂታል ፋይል ሊይዘው የሚችለውን የመጨረሻ ከፍታ) ከነካ ድምፁ ሞልቷል፤ የቀረውን ዩቲዩብ ራሱ ያስተካክለዋል፤ አድማጫችን ታክሲ ውስጥ ስለሆነ ድምፃችን ከሌላው ሁሉ በልጦ መጮኽ አለበት፤ -14 እና -16 የሚባሉት የአማካይ ድምፅ ልክ ቁጥሮች ለፈረንጅ ሙዚቃ የወጡ ናቸው፤ ጆሮ ላለው ሰው መለኪያ ትርፍ ነው፤ መለኪያው ደግሞ ውድ ነው፤ በመጨረሻም፣ እስካሁን የለቀቅነው ሥራ ስላለ አሁን ልክ መቀየር ዝንጉርጉር ሥራ ማትረፍ ነው።

ከጸሐፊው ጋር ጠብ የለኝም። ጽሑፋቸው ለዛ አለው፤ ስለ ቀረጻ ድክመት የሰነዘሩት ነቀፌታም ልክ ነው፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ። ነገር ግን ይህን ምክር ሰምቶ የሚሠራ ወጣት አቀናባሪ፣ አድማጩ የስልኩን ድምፅ ሲያወርድና ሲያወጣ እንዲውል ይፈርድበታል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። ሁሉም ነጥብ እኩል ክብደት የለውምና አንዳንዱን በሁለት ዓረፍተ ነገር አልፈዋለሁ።

ከሁሉም የሚከፋው የመጀመሪያው ነው፤ «ጫፉ ዜሮ ከነካ ድምፁ ሞልቷል» የሚለው።

አልሞላም። ጫፍ የሚነግረን የድምፁ ሞገድ በአንዲት ቅጽበት የደረሰበትን ከፍታ ብቻ ነው። ጆሮ ደግሞ የሚሰማው በጊዜ ውስጥ የተዘረጋውን ጉልበት ነው። ካዛንቺስ ካለ ቢሮ ውስጥ የተቀረጸ አንድ ቃለ መጠይቅ እንዳስተካክለው ተልኮልኝ ነበር። እንግዳው ረጋ ብለው የሚናገሩ አዛውንት ናቸው፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ሲስቁ ግን ከልባቸው ይስቃሉ፤ ሲስቁም ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መታ ያደርጉታል፤ ማይክሮፎኑ ደግሞ የቆመው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሞገዱ በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ሲታይ ከዳር እስከ ዳር ቀጭን ሆኖ፣ ሳቅ ባለበት ቦታ ሁሉ ቀጥ ያለ ጫፍ ተተክሎበታል። የፋይሉ ጫፍ -0.3 ዴሲቤል ይላል። በጸሐፊው ሚዛን ጢም ብሏል ማለት ነው። የጠቅላላ ፕሮግራሙ ላውድነስ፣ ማለትም ጆሮ የሚሰማው አማካይ ጉልበት፣ ግን -27 ላፍስ ነበር (ላፍስ የላውድነስ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ድምፁ ይጎላል)። የስልኩ ድምፅ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ እንኳን አዛውንቱ ምን እንዳሉ ለመስማት ጆሮን ማስጠጋት ግድ ነው። በዚህ ፋይል ላይ ጫፍን ብቻ የሚያይ «ኖርማላይዝ» (ድምፁን ወደ ተወሰነ ልክ የሚያመጣ ትእዛዝ) ቢታዘዝ 0.3 ዴሲቤል ከፍ አድርጎ ይቆማል። ቦታውን ሁሉ የጠረጴዛው ምት ይዞበታል።

ላውድነስን በጫፍ መገመት ማለት ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ያለውን ቤት ሁሉ ቁመት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ማማ መገመት ነው።

ላፍስ የሚባለው መለኪያ የመጣው ይህንኑ ችግር ለመፍታት ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የመለኪያውን ስልት በ2006 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር «ቢኤስ 1770» በሚል ቁጥር አወጣው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አሠራሩ ለመረዳት አይከብድም። ድምፁ መጀመሪያ የሰውን ጆሮ ጠባይ በሚከተል ማጣሪያ ያልፋል፤ በጣም ወፍራሙ ድምፅ ይቀነሳል፤ ከሁለት ሺህ ኸርዝ ገደማ በላይ ያለው፣ ማለትም ጆሮን በቶሎ የሚነካው ክፍል፣ ከፍ ይላል። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ 400 ሚሊ ሰከንድ ርዝመት ባላቸው ተደራራቢ ቁርጥራጮች እየተለካ አማካዩ ይወጣል። በ2011 ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር ተጨመረ፤ ዝም የተባለባቸውና ከቀረው በ10 ዴሲቤል ያነሱ ቁርጥራጮች ከሒሳቡ እንዲወጡ ተደረገ። ይህ ባይሆን ኖሮ እያሰበ የሚናገር እንግዳ ዝምታው ሁሉ ተደምሮ ፕሮግራሙን ከእውነቱ ይልቅ ጸጥተኛ ያስመስለው ነበር።

የአዛውንቱ ቃለ መጠይቅ መድኃኒት ስለዚህ ሌላ ነው። የጠረጴዛው ምቶች አንድ በአንድ በእጅ ይወርዳሉ፤ አሰልቺ ነው፤ አቋራጭ ግን የለውም። ቀጥሎ ንግግሩ ከፍና ዝቅ ያለውን ድምፅ በሚያቀራርብ ኮምፕሬሰር በመጠኑ ይጨመቃል፤ ሦስት ለአንድ በሆነ ምጣኔ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ቢጨመቅ ለአብዛኛው ንግግር ይበቃል። መጨረሻ ላይ ጣሪያው -1 የሆነ ሊሚተር፣ ማለትም ጫፍ ከጣሪያው እንዳያልፍ የሚያግድ፣ ይቀመጣል። ከዚያ ከመጀመሪያው ሰከንድ እስከ መጨረሻው ይለካል። መለኪያው -19.5 ካለና የምንፈልገው -16 ከሆነ 3.5 ዴሲቤል ወደ ሊሚተሩ መጨመር ነው፤ አንድ የላውድነስ ክፍል ከአንድ ዴሲቤል ጋር እኩል ስለሆነ ሒሳቡ መቀነስ ብቻ ነው። ሊሚተሩ ጥቂት ሊበላ ስለሚችል ደግሞ መለካት ያስፈልጋል።

ጣሪያው ለምን ዜሮ ሳይሆን -1 ሆነ? ኮምፒውተሩ የሚያሳየን ጫፍ የተመዘገቡት ነጥቦች ጫፍ ነው። እውነተኛው ሞገድ በሁለት ነጥቦች መካከል ከዚያ በላይ ሊወጣ ይችላል፤ «ትሩ ፒክ» የሚባለው መለኪያ የሚያስላው ይህንን ነው። በዚያ ላይ ፋይላችን ዩቲዩብም ሆነ ሌላ ቦታ ሲደርስ ኤኤሲ ወይም ኦፐስ ወደሚባል አነስ ያለ የፋይል ዓይነት ይጨመቃል፤ መጨመቁ ራሱ ጫፎቹን ጥቂት ከፍ ያደርጋቸዋል። ልክ ዜሮ ላይ የተተወ ድምፅ አድማጩ ጋ ሲደርስ የሚሰነጠቀው በዚህ ምክንያት ነው። «ዜሮ ይንካ» የሚለው ምክር እንግዲህ ድምፁን ሳይሞላው ጫፉን ያበላሸዋል።

ሁለተኛው ነጥብ፦ «ዩቲዩብ ራሱ ያስተካክለዋል»።

ግማሹ እውነት ነው፤ ሰውን የሚያሳስተውም ለዚህ ነው። ዩቲዩብ ከ-14 ላፍስ በላይ የሚጮኸውን ያወርደዋል። ከዚያ በታች የሆነውን ግን አያነሣውም፤ እንደተጫነ ይተወዋል። ማንም ሊያረጋግጠው ይችላል። በኮምፒውተር ላይ ቪዲዮው እየታየ በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ተጭኖ «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን ማስከፈት ነው። በሚወጣው ዝርዝር ውስጥ ስለ ድምፅ የሚናገር መስመር አለ። «ኮንተንት ላውድነስ» ከሚለው ጎን 5 ዴሲቤል ከተጻፈ ቪዲዮው ከልኩ በ5 በልጧል ማለት ነው፤ ተጫዋቹም ድምፁን ወደ 56 ከመቶ አውርዶታል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች 8 ከሆነ ግን ማንም አልነካውም፤ 100 ከመቶ ተከፍቶም በ8 ዴሲቤል ያንሳል። ተመልካቹ ድምፁን ይጨምራል፤ ቀጥሎ የሚመጣው በልኩ የተሠራ ቪዲዮ ያስደነግጠዋል፤ የሚያስታውሰውም ያስቸገረውን ቻናል ነው።

ዩቲዩብ በ2023 ያመጣው «ስቴብል ቮልዩም» የሚባል ምርጫም አለ፤ ዝቅ ባለውና ከፍ ባለው ድምፅ መካከል ያለውን ርቀት ያጠብባል። ጸሐፊው አላነሡትም፤ ቢያነሡት ክርክራቸውን ባጠናከረላቸው። ነገር ግን ተመልካቹ ሊያጠፋው የሚችል ነገር ነው፤ ሥራችንን እንዲያቀናብርልን አሳልፈን የምንሰጠው ባለሙያ አይደለም።

ሌሎቹ መድረኮችም እንደ ዩቲዩብ አይሠሩም። ስፖቲፋይ ሙዚቃን ወደ -14 ያመጣል፤ ጸጥ ያለውንም ጫፉ እስከፈቀደለት ድረስ ያነሣዋል፤ አድማጩ ግን ይህን ማጥፋት ይችላል። አፕል ፖድካስት ፋይሉ ሲዘጋጅ ወደ -16 ተጠግቶ፣ አንድ ዴሲቤል ወደላይ ወይም ወደታች ቢል ተፈቅዶለት፣ ትሩ ፒኩ ከ-1 ሳያልፍ እንዲላክለት ይመክራል። ቴሌግራም ላይ እንደ ፋይል የተላከ ድምፅ ደግሞ እንደተላከው ይደርሳል። የአማርኛ ትረካና ውይይት ምን ያህሉ በቴሌግራም እንደሚደመጥ እናውቃለን፤ እዚያ «ራሱ ያስተካክለዋል» የሚባልለት አካል የለም።

ሦስተኛው ነጥብ ከልብ የተነገረ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልመልስ። «ሰው ከፒያሳ ሜክሲኮ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ነው የሚሰማን፤ ረዳቱ ይጣራል፣ የሾፌሩ ሬዲዮ ይጮኻል፤ ስለዚህ እኛ ከሁሉም በላይ እንጩህ» ይላሉ። -9 ላይ አድርሱት ነው ምክራቸው።

የአድማጩን ሁኔታ በትክክል አይተውታል፤ መድኃኒቱን ነው የሳቱት። በጫጫታ ውስጥ የሚሰማን ሰው የሚያስቸግረው የድምፁ ወጣ ገባነት ነው። አዘጋጁ በግልጽ ይሰማል፤ እንግዳው ይጠፋል፤ አድማጩ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ መሸጋገሪያ ሙዚቃው ጆሮው ውስጥ ይፈነዳል። ይህን የሚያስተካክለው የእያንዳንዱን ሰው ድምፅ ለየብቻ ማመጣጠን ነው። ለዚህም መለኪያው «ላውድነስ ሬንጅ» የሚባል ሁለተኛ ቁጥር አለው፤ ዝቅ ባለውና ከፍ ባለው ክፍል መካከል ያለውን ርቀት ያሳያል። ለንግግር ፕሮግራም ከ8 ባይበልጥ እመርጣለሁ። ሁሉንም በአንድነት ወደ -9 መግፋት ግን የሊሚተሩን ጉልበት ብቻ ያሳያል። የ«ጠ» እና የ«ቀ» ጥርት ያለ አወጣጥ ይደበዝዛል፤ በንግግር መካከል ያለው ትንፋሽ ከቃሉ እኩል ይጎላል፤ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ጆሮ ይታክታል።

ለዩቲዩብ ከሆነ ደግሞ ትርፉ ዜሮ ነው። በ-9 የተጨመቀው ቪዲዮ በ5 ይወርድና ከ-14ቱ ጋር እኩል ይሆናል። የቀረለት መጨመቁ ብቻ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

«እነዚህ ቁጥሮች ለፈረንጅ ሙዚቃ የወጡ ናቸው፤ ለማሲንቆና ለከበሮ አይሠሩም» የሚለውን አራተኛ ነጥብ ሳነብ ታሪኩ ጨርሶ እንዳልታየ ገባኝ። ነገሩ የተጀመረው በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ነው። ድራማው በለሆሳስ ሲተረክ ቆይቶ ማስታወቂያው ሲገባ ቤቱን ይንጠዋል፤ በሳተላይት ከጣቢያ ጣቢያ የሚያማርጥ የአዲስ አበባ ቤተሰብም ይህን ያውቀዋል። አሜሪካኖቹ በ2009 -24ን፣ የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ኅብረት በ2010 -23ን መለኪያ አደረጉ። አሜሪካ ማስታወቂያ ከፕሮግራሙ በላይ እንዳይጮኽ በ2010 ሕግ እስከ ማውጣት ደርሳለች፤ ሕጉ በሥራ ላይ የዋለው በታኅሣሥ 2012 ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሙዚቃ ዋና ጉዳይ አልነበረም። የአፕል -16ም የወጣው ለፖድካስት ነው፤ ማለትም በአብዛኛው ለንግግር።

-23 ለሳሎን ቴሌቪዥን የሚበቃውን ያህል ለስልክ አይበቃም። የስልክ ድምፅ ማጉያ ጉልበቱ ውስን ነው፤ የጆሮ ማዳመጫውም ከታክሲው ሞተር ጋር ይታገላል። -16 እና -14 የተመረጡት ስልኩ በቂ ድምፅ እንዲያወጣ፣ ጫፎቹም ቦታ እንዲያገኙ ነው። ለድምፅ ብቻ ለሆነ ሥራ -16ን፣ ለዩቲዩብ ቪዲዮ -14ን ብንይዝ የኛን አድማጭ ያህል የሚጠቀምበት የለም።

ማሲንቆና ከበሮም የጸሐፊውን ክርክር ያፈርሱታል እንጂ አያግዙትም። የከበሮ ምት ጫፉን ሰቅሎ ወዲያው ይወድቃል። በጫፍ ከለካነው ከበሮ ያለበት ዘፈን ሁልጊዜ ከማሲንቆው አንሶ ይሰማል። ማሲንቆ በአንጻሩ ድምፁ የተዘረጋ ነው፤ ጫፉ ዝቅ ብሎ ጆሮ ላይ ይጎላል። ሁለቱን አስታርቆ በአንድ ዝግጅት ውስጥ ማስቀመጥ የሚያስችለው የላውድነስ ልኬት ነው።

ስለ ጆሮ የተባለው ደስ ይላል፤ እኔም ያለ ጆሮ የተሠራ ድምፅ አላምንም። ነገር ግን ጆሮ ይደክማል፣ ይለምዳል፣ እንደ ክፍሉም ይለዋወጣል። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ብሎ ሲሰማ ወፍራሙ ክፍል ከሌላው ይልቅ ይጠፋብናል። ስለዚህ ከቀትር በኋላ ጊዮርጊስ አካባቢ የመኪናው ጡሩምባ እየገባበት ድምፅ ማጉያውን ከፍ አድርጎ የሠራ ሰውና ሌሊት ቤተሰብ ተኝቶ በለሆሳስ የሠራ ሰው አንድ ዓይነት ውጤት አያወጡም፤ ያው ሰው ቢሆን እንኳን። ክፍል አንድና ክፍል ሁለት የሚለያዩት በዚህ ነው።

መለኪያውም ብቻውን አይበቃም፤ እዚህ ላይ ለጸሐፊው አደላለሁ። ጠቅላላው ቁጥር አማካይ ነው። መግቢያ ሙዚቃው -9፣ ንግግሩ -20 ሆኖ ድምሩ መልካም የሚመስልባቸው ሥራዎች ይደርሱኛል። መጀመሪያ ንግግሩ ብቻውን ተለክቶ ልኩን ይያዝ፤ ሙዚቃው ከሱ አንጻር ይቀመጥ። ከንግግር ሥር የሚሄድ ሙዚቃ ከ15 እስከ 20 ዴሲቤል ዝቅ ቢል ቃሉ አይዋጥም። ልኩ ይህ መሆኑን የሚፈርደው ደግሞ ጆሮ ነው፤ በስልክ ድምፅ ማጉያ፣ በተራ የጆሮ ማዳመጫም ጭምር።

ከጽሑፉ የወደድሁት ክፍል «ቁጥር መጥፎ ቀረጻን አያድንም» የሚለው ነው። ልክ ነው። -24 የነበረውን ወደ -16 ስናመጣ ከንግግሩ ጋር የጎረቤት ጄኔሬተርም በ8 ዴሲቤል ያድጋል። ግድግዳው ባዶ ሲሚንቶ የሆነ ክፍል ውስጥ፣ ባቡሩ በስታዲየም በኩል ባለፈ ቁጥር መስኮቱ እየተንቀጠቀጠ የተቀረጸን ድምፅ ማንም መለኪያ አያጸዳውም። ማይክሮፎኑን ወደ አፍ ማስጠጋት፣ መጋረጃና ብርድ ልብስ መስቀል ከማንኛውም ሶፍትዌር ይቀድማል። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲህ አንለካ» ማለት ግን አይከተልም።

መለኪያው ውድ ነው የተባለው ስሕተት ነው። ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ ማቀናበሪያ ነጻ ነው፤ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻው እትም ውስጥ በፌርላይት ገጹ ላይ የላውድነስ መለኪያ አለው፤ ዩሊን የሚባለው መለኪያ ነጻ እትም አለው፤ ፕሪሚየር የሚጠቀም ደግሞ ኤክስፖርት ማድረጊያው ላይ ያገኘዋል። ሁለት ወጥመዶችን ብቻ ልጠቁም። ኦዳሲቲ ላይ «ላውድነስ ኖርማላይዜሽን» ሲከፈት ተቀምጦ የሚገኘው ቁጥር -23 ነው፤ ሳያዩ እሺ የሚሉ ሰዎች «ድምፄን ቀነሰብኝ» ብለው ይሸሹታል። ቁጥሩን መቀየር ነው፤ ሊሚተሩን ግን ለብቻው ማስገባት ያስፈልጋል፤ ይህ ትእዛዝ ጫፍ አይጠብቅም። በጽሑፍ ትእዛዝ በሚሠራው ኤፍኤፍኤምፔግ የሚሠሩ ደግሞ «ላውድኖርም» የሚለውን ማጣሪያ በአንድ ዙር ብቻ ካስኬዱት ድምፁን እየሄደ ያነሣዋል፣ ይጥለዋል፤ ዝምታ ሲመጣ የክፍሉ ጩኸት አብሮ ይነሣል። ሁለት ዙር ይሂድ፤ በመጀመሪያው ይለካ፣ በሁለተኛው የተለካው ቁጥር ተሰጥቶት ያስተካክል። የፋይሉ ሳምፕል ሬት (በሰከንድ የሚመዘገቡት ነጥቦች ብዛት) 48,000 እንዲሆንም በግልጽ ይነገረው፤ አለበለዚያ 192,000 አድርጎ ሊያወጣው ይችላል።

ጸሐፊው ያላነሡት፣ እኔ ግን በየጊዜው የሚያጋጥመኝ አንድ ነገር አለ፤ ሞኖ፣ ማለትም ባለ አንድ ቻናል ድምፅ። በአንድ ማይክሮፎን የተቀረጸ ትረካ ሞኖ ሆኖ ሲወጣ መለኪያው አንድ ቻናል ብቻ ስለሚቆጥር ያው ድምፅ ስቴሪዮ ሆኖ ከሚለካው በ3 ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። አድማጩ ግን በሁለቱም ጆሮው ነው የሚሰማው። ስለዚህ ሞኖ ፋይል በ-19 ሲለካ ከስቴሪዮው -16 ጋር እኩል ይሰማል። ይህን ያላወቀ አቀናባሪ ሞኖውን በ-16 ሲያወጣው ከሌሎች ክፍሎች በ3 ይጮኻል፤ መለኪያው ደግሞ «ትክክል ነህ» ይለዋል። ኦዳሲቲ ሞኖን እንደ ሁለት ቻናል ቆጥሮ የሚለካ ምርጫ አለው፤ ምልክቱ ካለ ቁጥሩን እንደ ስቴሪዮ ማንበብ ይቻላል።

የመጨረሻው ነጥብ፦ «የለቀቅናቸው ሥራዎች ስላሉ አሁን ብንቀይር ይዘበራረቃል»። ለዩቲዩብ ይህ በከፊል እውነት ነው፤ የተጫነ ቪዲዮ አድራሻው ሳይለወጥ ፋይሉን መተካት አይቻልም። ከልኩ በላይ የነበሩት ድሮም ወርደው ስለሚሰሙ ከአዲሶቹ ጋር ብዙ አይለያዩም፤ ጸጥተኞቹ እንዳሉ ይቆያሉ። ፖድካስት ላይ ግን አብዛኞቹ ማስቀመጫዎች የድምፅ ፋይሉን እንድንተካ ይፈቅዳሉ። የተቀመጠው ዋናው ሥራ ካለ ሰው ደጋግሞ ከሚሰማቸው ክፍሎች ጀምሮ ለክቶ፣ -16 ላይ አውጥቶ መተካት ነው። ዋናው ጠፍቶ የተጨመቀው ኤምፒስሪ ብቻ ከቀረ ድጋሚ መጨመቅ ጥራቱን ስለሚጎዳው በጣም ጸጥ ያለ ካልሆነ በስተቀር ባይነካ ይሻላል።